የትኛው ክሮሞዞም ነው የተሰበረው?



ዛሬ የምናገረው ስለ ደም ካንሰር ነው። ስለ ደም ካንሰር ሁሉ ግን አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ጤነኛ የነበረን ሰው አልጋ ላይ ስለሚጥለው፣ አጣዳፊ ስለምንለው ዓይነት፣ በዚያም በሽታ ውስጥ በክሮሞዞሞች ላይ ስለሚደርሰው ስብራት ነው። ርእሱ ለላቦራቶሪ ሰው ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እያንዳንዱን ቤተሰብ የሚመለከት ነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል «የደም ካንሰር ነው» ተብለው፣ አንዱ በየቀኑ ክኒን እየዋጠ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ሲያበቃ፣ ሌላው በወራት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተሰበረው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ስለዚህ የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስብራቱ የአንድ ህዋስ ስብራት እንጂ የቤተሰብ ነውር አይደለም። የትኛው ክሮሞዞም እንደተሰበረ ማወቅም ከሕክምናው በኋላ የሚመጣ ቅንጦት ሳይሆን የሕክምናው መነሻ ነው። ይህን ምርመራ ታማሚው የመጠየቅ መብት አለው፤ እኛ ደግሞ የማቅረብ ግዴታ አለብን። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመቅኔ እንነሣ። ደም የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው መቅኔ በየቀኑ 200 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ህዋሳት ያመርታል። ከበሽታ የሚጠብቁን ነጭ የደም ህዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች የሚሠሩትም እዚያው ነው። አዲስ ህዋስ በተፈጠረ ቁጥር እናቲቱ ህዋስ በውስጧ ያለውን መመሪያ በሙሉ ገልብጣ ለሁለት ልጆቿ ታካፍላለች። መመሪያው የተጻፈው በ46 ክሮሞዞሞች ላይ ነው፤ 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት ናቸው። ቁጥሩ 46 መሆኑ ራሱ በትክክል የታወቀው በ1956 ነው፤ በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ጆ ሂን ጂዮና አልበርት ሌቫን እስኪቆጥሩት ድረስ 48 ነው እየተባለ ይማሩት ነበር።

ይህን ያህል ግልበጣ በየቀኑ ሲካሄድ ስሕተት መግባቱ አይቀርም። አብዛኛው ስሕተት እዚያው ይታረማል። ያልታረመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ህዋሱን ራሱን ያጠፋዋል። አልፎ አልፎ ግን ሁለት ክሮሞዞሞች በአንድ ጊዜ ይሰበሩና በጥገናው ላይ ቁርጥራጮቻቸው ይለዋወጣሉ። በአንኮበር አድባራት የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ከሁለት መጻሕፍት የወለቁ ጥራዞች ተቀላቅለው ቢሰፉ፣ የአንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ከሌላው ማብቂያ ጋር ይገጥምና ማንም ያልጻፈው ትእዛዝ ይነበባል። በህዋሱ ውስጥም እንዲሁ የሁለት ዘረመሎች ግማሽና ግማሽ ይጋጠማሉ፤ ከዚያም በጤነኛ ሰው ገላ ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ «ተባዛ» የሚል ከሆነ፣ «በቃ» የሚለው ከሌለ፣ ያ አንድ ህዋስ ሺህ፣ ሺሁ ሚሊዮን ይሆናል፤ መቅኔውን ሞልቶ ጤነኛውን ደም ቦታ ያሳጣዋል። ሉኪሚያ የምንለው ይህንን ነው።

ስብራቱ መልኩ ብዙ ነው። አንዳንዴ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ። አንዳንዴ ቁራጩ እዚያው ተገልብጦ ይገጠማል። አንዳንዴ ቁራጭ ወይም ሙሉ ክሮሞዞም ይጠፋል፤ አንዳንዴም ይጨምራል። የካንሰር ሥር በክሮሞዞሞች መዛባት ላይ እንዳለ ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ በ1914 ጽፎ ነበር። ማስረጃው ለመገኘት ግን ወደ ግማሽ ምእተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ።

ማስረጃው የተገኘው በ1960 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ነው። ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ሥር የሰደደ የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው የደም ካንሰር የነበረባቸውን ሰዎች ህዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ አንዲት ክሮሞዞም ከተለመደው አጥራ አገኟት። የከተማይቱን ስም ይዛ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። የከተማይቱ ስም ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የጤና ሳይንስ ግቢያችሁ የተሰየመላቸው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1999 ያረፉት እዚያው ነው።

ያጠረችው ክሮሞዞም ቁራጭ የት እንደገባ ያወቁት ደግሞ በቺካጎ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናቸው። የክሮሞዞሞቹን ፎቶግራፍ እየቆረጡ በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያስተያዩ ነበር። በ1973 ነገሩን ይፋ አደረጉት፦ ከ22ኛው የተቆረጠው ወደ 9ኛው ሄዷል፤ ከ9ኛው የተቆረጠውም ወደ 22ኛው መጥቷል። ልውውጥ ነው እንጂ መጥፋት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ9ኛው የመጣው ኤብል የተባለ ዘረመል በ22ኛው ላይ ካለው ቢሲአር ጋር እንደተጋጠመና መባዛትን ያለማቋረጥ የሚያዝ ፕሮቲን እንደሚሠራ ታወቀ።

ጠላት በስም ሲታወቅ ጦሩም ይሳላል። ያንን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚዘጋ ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ተሠራ፤ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አጣዳፊው ደረጃ ተሸጋግሮ ይሞት ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ የሠራለትና ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ከእኩዮቹ ጋር የተቀራረበ ዕድሜ ይኖራል። ይህ በሩቅ አገር የቀረ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድኃኒቱ በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በሚመጣ እርዳታ ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ከክፍለ ሀገር እየተመላለሱ መድኃኒታቸውን ወስደው ወደ እርሻቸው፣ ወደ ሱቃቸውና ወደ ክፍላቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ክኒኑ የሚሠራው ያ ስብራት ላለበት ሰው ነው። ምርመራው ካልተደረገ ክኒኑ በመጋዘን ሞልቶም ለታማሚው አይደርሰውም።

አሁን ወደ አጣዳፊዎቹ እንግባ፤ ሰዓት የሚቆጠረው እዚያ ነውና።

ይህቺው የፊላደልፊያ ክሮሞዞም አጣዳፊ ሊምፎይድ ሉኪሚያ ከያዛቸው አዋቂዎች ውስጥ ሩብ በሚያህሉት ላይ ትገኛለች። ቀድሞ በእነዚህ ሰዎች ላይ መገኘቷ የሞት ፍርድ ያህል ነበር። ዛሬ ከኬሞቴራፒው ጋር ኢማቲኒብ ወይም እርሱን የመሰለ መድኃኒት ስለሚጨመርላቸው ተስፋቸው ብዙ ተሻሽሏል። አንድ ዓይነት ኬሞ የሚወስዱ ሁለት ሰዎች፣ ክሮሞዞሟ ያለችበትን ሳያውቁለት ቢቀሩ፣ አንደኛው ሊድንበት የሚችለውን መድኃኒት ሳያገኝ ያልፋል ማለት ነው።

በሕፃናት ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ እጅግ ተስፋ ሰጪ ነው። በሕፃናት አጣዳፊ ሊምፎይድ ሉኪሚያ፣ የካንሰሩ ህዋስ ከ50 በላይ ክሮሞዞሞች ከያዘ ወይም 12ኛውና 21ኛው ተለዋውጠው ከተገኙ፣ ልጁ ለሕክምናው ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። በተቃራኒው የክሮሞዞሞቹ ቁጥር ከ44 በታች ከወረደ፣ ወይም በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኬኤምቲ2ኤ የተባለው ዘረመል ከተሰበረ፣ ሐኪሙ ገና ከጅምሩ ጠንከር ያለ ሕክምና ማቀድ አለበት። ባደጉት አገሮች ይህ በሽታ ከያዛቸው ሕፃናት ከ10ሩ 9ኙ ይድናሉ። ይህ ውጤት የተገኘው አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት ስለተፈጠረ አይደለም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ለየትኛው ልጅ ምን ያህል እንደሚበቃ በመለየትና ሕክምናው እንዳይቋረጥ በማድረግ የተገኘ ነው።

ማይሎይድ በሚባለው ሌላው አጣዳፊ ሉኪሚያም እንዲሁ ነው። የ8ኛውና የ21ኛው ልውውጥ፣ የ16ኛው መገልበጥ ለሕክምና የሚመቹ ናቸው። ከ7ኛው ክሮሞዞም ጥንድ አንዱ ሲጎድል፣ ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ ስብራቶች በአንድ ላይ ሲገኙ በሽታው እልኸኛ ነው። ግማሽ በሚያህሉት አዋቂዎች ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስብራት ይገኛል፤ በቀሩት ላይ ስብራቱ ጠልቆ በዘረመሉ ፊደል ውስጥ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የደብረ ብርሃን ሐኪሞች በልባችሁ እንድትይዙት የምፈልገው አንድ ልውውጥ አለ፤ የ15ኛውና የ17ኛው። ጃኔት ራውሊና ባልደረቦቻቸው በ1977 የለዩት ይህ ስብራት የሚያመጣው ሉኪሚያ የሚገድለው በደም መፍሰስ ነው። ታማሚው በድዱና በአፍንጫው ይደማል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። በ1980ዎቹ የሻንጋይ ሐኪም ዋንግ ዤንዪ ከቫይታሚን ኤ የተገኘ ኤትራ የተባለ መድኃኒት በአፍ በመስጠት የታመሙት ህዋሳት አድገውና በስለው ሥራቸውን እንዲጀምሩ አደረጉ። ቀጥሎ የቻይናዋ ሃርቢን ከተማ ሐኪሞች ያወቁት አርሴኒክ ተጨመረበት። ዛሬ ከሉኪሚያ ዓይነቶች ሁሉ ፈጥኖ የሚገድለው ይህ በሽታ ለመዳንም ከሁሉ የተመቸ ሆኗል። ኤትራም ኢማቲኒብም በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ እንዲህ ይላል፦ በደም ስላይዱ ላይ ከተጠረጠረ የዘረመል ውጤት ሳይጠበቅ ኤትራው ይጀመር። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ አንድ ንቁ ዓይን ሰው ያድናል።

አሁን ደግሞ ለአንኮበር ሰዎች በተለይ ልናገር። በ1958 ዩጋንዳ ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በሕፃናት መንጋጋ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ገለጸ። በሰው ላይ ከሚታወቁት ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት የሚያድግ የሊምፍ ካንሰር ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በርኪት በ1961 በመኪና ምሥራቅ አፍሪካን እየዞረ ከሆስፒታል ሆስፒታል ጠየቀና ካርታ ሠራ። በሽታው ሞቃትና ዝናባማ በሆነው ቆላ ይበዛል፤ በደጋው ይጠፋል። በአንኮበር ተራራ ላይ ቆሞ ወደ አዋሽ የሚወርደውን ቆላ ያየ ሰው ይህን ካርታ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፤ ከላይ ብርድ ልብስ ተደርቦ የሚታደርበት ደጋ፣ ወደ ታች ሲወረድ ወባ ያለበት አገር ነው። በ1964 ተመራማሪዎቹ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በእብጠቱ ህዋስ ውስጥ ቫይረስ አገኙ። በ1970ዎቹ ደግሞ የ8ኛውና የ14ኛው ክሮሞዞም መለዋወጥ ተገኘ። ቫይረሱና ተደጋጋሚ የወባ ሕመም የልጁን የመከላከያ ህዋሳት ያለ ዕረፍት ያባዛሉ፤ በዚያ ሩጫ መካከል ሚክ የተባለው የመባዛት ዘረመል ከ8ኛው ወደ 14ኛው ይሻገርና ከልጓም ይወጣል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ቆላውና ወባው፣ ቫይረሱ፣ ስብራቱ፣ በአንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለወባ የሚሰቀል አጎበር ከዚህ ካንሰር ጋርም የሚያገናኘው ነገር አለ። እናም ወደ ቆላ ወርዶ የነበረ ልጅ መንጋጋው ወይም ሆዱ በቀናት ውስጥ ቢያብጥ የጥርስ ነው ተብሎ መቆየት የለበትም።

ወገኖቼ፣ የምርመራ ውጤት በተነገረ ቁጥር ከቤተሰብ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ከማን ዘር መጣ?» ይባላል። አማት ምራቷን ታያለች፤ እኅት ትዳሯ እንዳይፈርስ ትሰጋለች፤ አንዳንዱም የእርግማን ፍለጋ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እባካችሁ ይህን ቃል ወደ መንደራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እስካሁን የጠቀስኳቸው ስብራቶች የሚገኙት በካንሰሩ ህዋሳት ውስጥ ብቻ ነው። የታማሚውን ቆዳ ወይም ጉበት ብንመረምር ክሮሞዞሞቹ ሙሉ ናቸው። ታማሚው ከእናቱ አልወረሰውም፤ ለልጁም አያወርሰውም። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ ቤት መኖር ምንም አያመጣም። ደም ካንሰር በቤተሰብ የሚታይባቸው ጥቂት ወገኖች በዓለም ላይ አሉ፤ እነርሱም በልዩ ምርመራ የሚታወቁ ናቸው። አብዛኛው ግን በመቅኔ ውስጥ በአንዲት ህዋስ ላይ በአጋጣሚ የደረሰ አደጋ ነው። አደጋውን የሚያበዙት የታወቁ ነገሮች ከፍተኛ ጨረር፣ ለሌላ ካንሰር የተወሰደ አንዳንድ ኬሞና በተሽከርካሪ ነዳጅ ውስጥ የሚገኘው ቤንዞል የተባለ ኬሚካል ናቸው። በጋራዥ የምትሠሩ ወጣቶች እጃችሁን በነዳጅ አትታጠቡ፤ ነዳጅም በአፋችሁ ስባችሁ አታውጡ። ከዳውን ሲንድሮም ጋር የተወለዱ ልጆች፣ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት የሆነላቸው፣ ለሉኪሚያ ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ ትኩሳትና ድካም ሲያዩባቸው ወላጆች ፈጥነው ያስመርምሯቸው። ከእነዚህ ውጭ ቤተሰብ ራሱን የሚከስስበት ምክንያት የለም። እናት «ምን በድዬ ነው» ብላ ስታለቅስ መልሱ «ምንም» ነው።

ስብራቱ እንዴት ነው የሚታየው? ሐኪሙ የዳሌውን አጥንት አደንዝዞ በመርፌ ጥቂት መቅኔ ይወስዳል። ናሙናው በሄፓሪን ቱቦ ይገባል፤ ህዋሳቱ በሕይወት ሆነው፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ፣ ላቦራቶሪ መድረስ አለባቸው። እዚያ በሙቀት ቦታ እንዲባዙ ይደረግና፣ ክሮሞዞሞቻቸውን አሰልፈው ሊከፋፈሉ በተዘጋጁበት ቅጽበት በመድኃኒት ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል። ከዚያም ተቀብተው ይቆጠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ህዋሳት ይታያሉ። የሚቀቡበት ቀለም ጊምሳ ይባላል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አዎ፣ በየጤና ጣቢያው ለወባ ስላይድ የምትጠቀሙበት ጊምሳ ነው። ከዚህ የሚያልፍ ፊሽ የሚባል ምርመራ አለ፤ በሚያበራ ምልክት የተደበቁ ስብራቶችን ያወጣል። ፒሲአርም አለ፤ የተጋጠመውን ዘረመል ይቆጥራል። ለቲቢ ምርመራ ወደ ሆስፒታሎቻችን የገባው ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽንም ሌላ ካርትሪጅ ሲገባበት የፊላደልፊያን ክሮሞዞም ምልክት ይቆጥራል። ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በሩቅ ያለ አይደለም ማለት ነው።

ህዋሱን ባለበት የሚያቆመው መድኃኒት የመጣው ኮልቺኩም ከተባለ አበባ ነው። በመርፌ ለሉኪሚያ የምንሰጠው ቪንክሪስቲን የመጣው ከማዳጋስካር አበባ ነው፤ ከ1963 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት የሚጎትቱትን ክሮች ይይዛሉ። ከኢትዮጵያ በተወሰደ አጣጥ በተባለ ተክል ላይ ምርምር ያደረጉት ተመራማሪው ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው በ1972 ሜይታንሲን የተባለ፣ እነዚያኑ ክሮች የሚይዝ ኃይለኛ ንጥረ ነገር አወጡ። ብቻውን መርዝነቱ ስለበረታ ለሕክምና አልሆነም። የእርሱ ዝርያ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተያይዞ በ2013 ለጡት ካንሰር መድኃኒትነት ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ዶክተር ኤርምያስ ሉሌካልና ባልደረቦቻቸው በአንኮበር ወረዳ ለሰው ሕመም የሚያገለግሉ 135 የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግበው አሳትመዋል። ይህን የምነግራችሁ ለሁለት ነገር ነው። የአንኮበር የመድኃኒት ዐዋቂዎች ዕውቀት ክብርና ጥበቃ ይገባዋል። ግን ደግሞ ከቅጠል እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ 40 ዓመት የፈጀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሉኪሚያ ለተያዘ ልጅ ቅጠል ቀቅሎ ማጠጣት ጉበቱን ሊጎዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀሩትን ቀናት ሊወስድበት ይችላል።

ቀናቱ የሚጠፉት የት ነው? አንድ ወጣት ይደክመዋል፤ ያተኩሰዋል፤ አጥንቱን ያመዋል። «ታይፎይድ ነው» ይባልና መድኃኒት ይወስዳል። ይመለስበታል፤ «ታይፈስም አለበት» ይባላል። ድዱ መድማት ሲጀምር፣ በእግሩ ላይ ቀይ ነጠብጣቦች ሲወጡ፣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚያ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አለ። ርቀቱ በካርታ ላይ አጭር ነው። ለደከመ ሰው፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያጥር፣ በአዲስ አበባ ማረፊያ ሲጠፋ ግን ረጅም ነው። የሚከፋፈለው ህዋስ ደግሞ መንገዱ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለውን ልናገር።

የጤና ባለሙያዎች፤ ሁለት ጊዜ ታክሞ ያልተሻለው ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ ነስርና የድድ መድማት ስታዩ ሲቢሲ የተባለውን የደም ቆጠራ እዘዙ፤ ስላይዱንም በዓይናችሁ እዩት። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል፤ ያልበሰለውን ህዋስ የሚያውቀው የሰው ዓይን ነው። ከጠረጠራችሁ ወረቀት ብቻ አስይዛችሁ አትላኩ፤ ወደሚቀበለው ሐኪም ደውሉ። ታማሚው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የክሮሞዞም ናሙና መወሰድ እንዳለበት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ኬሞ ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ናሙና እውነቱን ሊደብቅ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲውና የሆስፒታሉ ኃላፊዎች፤ ከማይክሮስኮፕ፣ ከጊምሳና ከሠለጠነ ሰው መጀመር ይቻላል። ሁሉንም ምርመራ እዚህ ማድረግ ባይቻል እንኳ ታማሚው ከሚንከራተት ናሙናው ይሂድ። በሳምንት የተወሰነ ቀን ናሙና በቅዝቃዜ ሳይጎዳ ወደ አዲስ አበባ የሚደርስበት፣ ውጤቱም በስልክ የሚመለስበት አሠራር ከሕንፃ ግንባታ ይልቅ ርካሽ ነው። ከተማሪዎቻችሁም መካከል በዚህ ሙያ የሚሠለጥን ሰው ላኩ፤ ስትልኩም የሚመለስበትን ቦታ አዘጋጁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የምትመሩም ይህን ምርመራ ከመሠረታዊ ምርመራዎች ቁጠሩት።

ካህናት አባቶች፤ ሕዝባችን በጭንቅ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ወደየአጥቢያው ጠበል የሚሄድ ታማሚ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ፣ ክኒኑንም በጠበል እየዋጠ እንዲቀጥል ከእናንተ አፍ ይስማ። ከእናንተ የሚወጣ አንድ ቃል ከእኛ ብዙ ምክር ይበልጥ ይሰማል።

ወላጆችና ቤተሰቦች፤ «የደም ካንሰር ነው» ስትባሉ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የትኛው ዓይነት ነው? የክሮሞዞም ምርመራ ተደርጓል?» በሉ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ብቻችሁን እንዳልሆናችሁም እወቁ። አቶ ወንዱ በቀለ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቴዎስን ሉኪሚያ ነጥቋቸው በ2004 ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ፤ የአንድ ቤት ኀዘን ለብዙ ቤት መጠጊያ ሆነ። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትም ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሕፃናትንና እናቶቻቸውን በአዲስ አበባ ያስጠልላል። በሩን አንኳኩ።

ወጣቶች፤ ደም ለግሱ። በኬሞ ላይ ያለ ሰው መቅኔው እስኪያገግም ድረስ የሚኖረው በሌላ ሰው ደም ነው። ፕሌትሌት ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ በዓል ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ለጋሽ ያስፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፤ የሰው ልጅ በዚህ በሽታ ውስጥ ያለውን ስብራት ማየት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስብራቱን አይቶ መድኃኒት ከሠራለትም ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ዕውቀቱ አለ። መድኃኒቶቹም ዋና ዋናዎቹ አሉ። የጎደለው በአንኮበር ያለው ታማሚና በአዲስ አበባ ያለው ምርመራ የሚገናኙበት አጭር መንገድ ነው። ይህን መንገድ ማሳጠር የሳይንስ ግኝት አይጠብቅም፤ ስላይዱን የሚያይ ባለሙያ፣ ናሙናውን የሚልክ ሆስፒታል፣ መድኃኒቱን ይዘህ ጸልይ የሚል ካህን፣ ደም የሚሰጥ ወጣትና የሚጠይቅ ቤተሰብ ይበቁታል። ሁሉም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ነገ ሥራ እንጀምር።